ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ልጅ፦ ዝምታና ጓደኝነት በ«ዘ ፐርክስ ኦቭ ቢኢንግ ኤ ዎልፍላወር»

መግቢያ

የልቦለድ ኮርስ ስንወስድ ስለ ዋና ገጸ ባሕርይ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያደርግ ሰው ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ነገር ይፈልጋል፣ የፈለገውን ለማግኘት ይነሣል፣ እንቅፋት ይገጥመዋል፣ ይታገላል፤ ሴራው የሚወለደው ከዚህ ትግል ነው እንባላለን። ጥሩ። ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ምንም የማያደርግ ልጅ ቢሆንስ? ድግስ ላይ ጥግ ይዞ የሚቆም፣ ክፍል ውስጥ የማይናገር፣ ሰው ሲያናግረው የሚጨንቀው ልጅ ቢሆን ታሪኩ በምን ይንቀሳቀሳል?

ይሄን ጥያቄ ይዤ የማየው መጽሐፍ አሜሪካዊው ስቲቨን ሽቦስኪ የጻፈው «ዘ ፐርክስ ኦቭ ቢኢንግ ኤ ዎልፍላወር» ነው። ከርዕሱ ልጀምር። ዎልፍላወር በግድግዳና በድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ ጭምር የሚበቅል አበባ ነው። በእንግሊዝኛ አነጋገር ግን ሌላው ሲጨፍር ግድግዳ ተደግፎ የሚቀረውን ሰው ይጠሩበታል። ፐርክስ ደግሞ ከሥራ ጋር የሚገኝ ጥቅማ ጥቅም ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ግድግዳ የመደገፍ ጥቅማ ጥቅሞች» እንደማለት ይሆናል። ቀልድ አለበት። ግን ቀልዱ ውስጥ አንድ ክርክር ተደብቋል፤ ዓይን አፋርነት ጉድለት ብቻ ነው ወይስ የራሱ ትርፍም አለው?

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የሚከተለውን ነው። ልቦለዱ ብዙ ጊዜ «ዓይን አፋሩ ልጅ ጓደኛ አገኘና ተፈወሰ» ተብሎ ይጠቃለላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኔ አነባበብ መጽሐፉ የሚያሳየን ዝምታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው፦ የሚያስተውል ዝምታና የተጎዳ ዝምታ። ጓደኝነት በታሪኩ ውስጥ ያለው ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

1. ስለ ደራሲውና ስለ መጽሐፉ

ሽቦስኪ እ.ኤ.አ. በ1970 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ፒትስበርግ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገውም በዚያው ከተማ አቅራቢያ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረው የፊልም ጽሑፍ ነው። ልቦለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በ2012 ደራሲው ራሱ የፊልም ጽሑፉን አዘጋጅቶና ዳይሬክት አድርጎ ወደ ፊልም ለውጦታል። ደራሲ የራሱን መጽሐፍ ራሱ ዳይሬክት የሚያደርግበት አጋጣሚ ብዙ ስላልሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ጥሩ ርዕስ ይወጣዋል።

የልቦለዱ መቼት የፒትስበርግ ዳርቻ ነው፤ ጊዜው ከነሐሴ 1991 እስከ ነሐሴ 1992 (እ.ኤ.አ.) ያለው አንድ ዓመት ነው። ሞባይል የለም፣ ኢንተርኔት ቤት አልገባም። ልጆቹ ስሜታቸውን የሚለዋወጡት በካሴት ነው፤ ለሚወዱት ሰው ዘፈን መርጠው፣ ቅደም ተከተሉን አስበው፣ ቀድተው ይሰጣሉ። ይሄ ዝርዝር ለጌጥ የገባ አይደለም። መናገር ለሚያቅተው ልጅ ካሴት አንደበት ነው።

በዓይነቱ ልቦለዱ ጀርመኖች «ቢልዱንግስሮማን» ከሚሉት የዕድገት ልቦለድ ይመደባል። የዚህ ዘውግ ምሳሌ ተብሎ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1795 እና 96 የታተመው የጎተ «ቪልሄልም ማይስተር» ነው። በዚህ ዘውግ ወጣቱ ከቤቱ ይወጣል፣ ዓለምን ያያል፣ ይሳሳታል፣ ራሱን ያውቃል። የሽቦስኪ ልጅ ግን ከቤቱ ርቆ አይሄድም። የሚጓዘው ከግድግዳው እስከ ጭፈራው መሐል ያለችውን ጥቂት እርምጃ ነው። እሷም ቀላል መንገድ አይደለችም።

2. የታሪኩ አጽም

ቻርሊ 15 ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ዘጠነኛ ክፍል ማለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀማሪ መሆን ነው፤ አዲስ ግቢ፣ አዲስ ትልልቅ ልጆች። አንድያ ጓደኛው ማይክል ባለፈው የትምህርት ዘመን ራሱን አጥፍቷል። ከዚያ በፊትም ሌላ ሐዘን አለበት፤ በጣም የሚወዳት አክስቱ ሔለን የሞተችው በእሱ የሰባተኛ ዓመት ልደት ቀን በመኪና አደጋ ነው። የወጣችው ለእሱ ስጦታ ልትገዛ ስለነበር ልጁ ጥፋቱን በራሱ ላይ ጭኖ ይኖራል።

በትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ (የአሜሪካኖቹ ዓይነት) ጨዋታ ላይ ቻርሊ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ፓትሪክና ከእንጀራ እኅቱ ከሳም ጋር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ዓመቱ ይለወጣል። ድግስ ይጠሩታል፣ ሙዚቃ ያስተዋውቁታል፣ ሳምን ይወዳል፣ ምስጢር ይነገረዋል። ቢል የተባለው የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ ከክፍሉ መጻሕፍት ውጪ ልቦለዶችን እያዋሰው ጽሑፍ ያጽፈዋል፤ ከእነዚህ መካከል የሀርፐር ሊ፣ የፊትዝጄራልድና የሳሊንጀር ሥራዎች ይገኛሉ።

መሐል ላይ ቻርሊ በአንድ ጨዋታ ምክንያት ጓደኞቹን ያስቀይማል፣ ይገለላል፣ እንደገና ይታረቃል። በመጨረሻ ጓደኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሊለያዩ ሲሉ ለዓመታት የተቀበረ ትዝታ ይነሣበታል፤ ያች የሚወዳት አክስቱ በልጅነቱ ወሲባዊ ጥቃት አድርሳበት ነበር። ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ይተኛል። ሲወጣ የመጨረሻውን ደብዳቤ ይጽፋል።

3. መልስ የማይጠብቅ ደብዳቤ

ልቦለዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደብዳቤ የተጻፈ ነው። የደብዳቤ ልቦለድ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድሰን በ1740፣ ጎተ ደግሞ በ1774 ተጠቅመውበታል። የሽቦስኪን ለየት የሚያደርገው የደብዳቤዎቹ ተቀባይ ማንነት አለመታወቁ ነው። ቻርሊ «ውድ ጓደኛ» በሚል ሰላምታ ይጀምራል፤ ግን ሰውየውን (ወይም ሴትየዋን) በአካል አያውቀውም። ጥሩ ሰው መሆኑን፣ ሰውን የሚያዳምጥ መሆኑን ሌሎች ሲያወሩ ሰምቶ ነው የመረጠው። ማንነቱ እንዳይታወቅ የሰዎቹን ስም ይቀይራል፤ አድራሻም አይሰጥም። ስለዚህ መልስ ሊመጣ አይችልም።

እስቲ ይሄን ከትረካ አንጻር እናስበው። በአንደኛ መደብ አንጻር የተጻፈ ልቦለድ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለበት፦ ተራኪው ለማን ነው የሚያወራው? ብዙ ደራሲዎች ይሄን ጥያቄ ያልፉታል። ሽቦስኪ ግን የልጁን በሽታ መመርመሪያ አደረገው። ቻርሊ መናገር ይፈልጋል፤ ግን ፊት ለፊት ያለ ሰው ያስፈራዋል። ስለዚህ ፊት የሌለው ጓደኛ ፈጠረ። የማይመልስ፣ የማይቆጣ፣ የማይሄድበት ጓደኛ።

እዚህ ላይ የአንባቢው ቦታ የሚገርም ነው። «ውድ ጓደኛ» የተባልነው እኛ ነን። ልጁ በገሀዱ ዓለም ጓደኛ ከማግኘቱ በፊት እኛ ጓደኞቹ ሆነን ቁጭ ብለናል፤ ግን ምንም ልንረዳው አንችልም። ሲያለቅስ እናያለን፣ እጃችን አይደርስም። ግድግዳውን የምንደገፈው እኛ ሆንን ማለት ነው።

ልቦለዱ እንዴት እንደሚያልቅም የሚወስነው ይኸው ቅርጽ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤ ቻርሊ ከእንግዲህ ላይጽፍ እንደሚችል፣ በሕይወቱ ውስጥ በመሳተፍ ጊዜ ሊያጥረው እንደሚችል ይነግረናል። «መሳተፍ» የሚለው ቃል ከወራት በፊት ከመምህሩ ከቢል አፍ የወጣ ነው። የታሪኩ መቋጫ ሠርግ ወይም ሞት ሳይሆን የደብዳቤው መቆም ነው። ልጁ ፊት ያላቸው ጓደኞች ስላገኘ ፊት የሌለውን ጓደኛ ተሰናበተው። ቅርጽና ጭብጥ እንዲህ ሲገጣጠሙ ማየት ያስደስታል።

4. «አይተውኛል»

ቻርሊ ጓደኛ እንዴት አገኘ? በብልሃት አይደለም፣ በችሎታም አይደለም። አንድ ድግስ ላይ ፓትሪክ ከብራድ ጋር በድብቅ የፍቅር ግንኙነት እንዳለው ሳያስበው ያያል። ብራድ የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን ኮከብ ነው፤ ወሬው ቢወጣ ይጠፋል። ፓትሪክ አደራ ይለዋል፣ ቻርሊም አደራውን ይጠብቃል። በዚያው ምሽት ፓትሪክና ሳም ብርጭቆ አንሥተው ለቻርሊ ይጠጡለታል። ፓትሪክ ስለ ልጁ የሚናገረው ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ ነገሮችን ያያል፣ ያየውን አያወራም፣ ግን ይገባዋል። ዎልፍላወር የሚለው ስም በሙገሳ መልክ የወጣለት በዚህ ጊዜ ነው።

የቻርሊ መልስ አጭር ነው፤ ሰው እኔን ልብ ብሎ ያየኛል ብዬ አላሰብኩም የሚል ይዘት አለው። በእኔ ግምት የመጽሐፉ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ዓይን አፋር ሰው ሌሎችን ያያል፤ ራሱ ግን የማይታይ ይመስለዋል። እንዲያውም አለመታየቱ መጠለያው ነው። ጓደኝነት የተጀመረው ቻርሊ ደፍሮ ስለተናገረ አይደለም፤ ዝምታው ራሱ ዋጋ እንዳለው ሰው ስለነገረው ነው። የርዕሱ «ጥቅማ ጥቅም» ይሄ ነው።

በገና ሰሞን ስጦታ ሲለዋወጡም ተመሳሳይ ነገር ይደጋገማል። ፓትሪክ ለቻርሊ ሙሉ ልብስ ይሰጠዋል፤ ደራሲ ስለሚሆን። ሳም ደግሞ የጽሕፈት መኪና ትሰጠዋለች። ሁለቱም ስጦታዎች የሚሉት ነገር አንድ ነው፦ ዳር ቆመህ ማየትህን ሙያ አድርገው። ለልጁ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፤ ቤተሰቦቹ ይወዱታል፣ ግን ቤቱ ውስጥ ስለ ብዙ ነገር አይወራም።

5. ሁለተኛው ዝምታ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ደስ የሚል ግን ቀላል መጽሐፍ ይሆን ነበር። ሽቦስኪ ግን ወደ ሌላኛው ገጽ ይዞን ይሄዳል።

ቻርሊ ከሜሪ ኤልዛቤት ጋር የፍቅር ጓደኝነት ይጀምራል፤ ግን አይወዳትም። አልወድሽም ማለት ስለማይችል ወራት ያልፋሉ። በመጨረሻ በአንድ ጨዋታ ላይ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሴቶች ቆንጆዋን ሳም ሲባል ሜሪ ኤልዛቤትን ትቶ ሳምን ይስማል። ሁሉም ይቀየሙታል። ልብ በሉ፤ ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ለወራት ያልተናገረው እውነት በአንድ ደቂቃ፣ በጣም በከፋ ቦታ ወጣበት። ዝምታ ሁልጊዜ ጨዋነት እንዳልሆነ መጽሐፉ መጀመሪያ የሚያሳየን እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይብሳል። የብራድ አባት ልጃቸውንና ፓትሪክን አብረው ያገኟቸዋል፤ ግንኙነቱ ይፈርሳል። ብራድ በጓደኞቹ ፊት ፓትሪክን ይሰድባል፣ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ጠብ ይነሣል፣ ቻርሊ ገብቶ ያድነዋል። ይሄ ደፋር ተግባር ነው፤ ጓደኞቹንም ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ግን የተሰበረው ፓትሪክ ቻርሊን በየምሽቱ ይዞት ይዞራል፤ አልፎ አልፎም ይስመዋል። ቻርሊ አይፈልግም። ግን ጓደኛ ማለት ለዚህ ነው ብሎ ዝም ይላል።

ሳም ይሄን ስትሰማ የምትለው ነገር የልቦለዱ ጡዘት መነሻ ነው። በገዛ ቃሌ ላስቀምጠው፦ የሌላውን ሕይወት ከራስህ አስቀድመህ መቀመጥ ፍቅር አይባልም፤ የምትፈልገውን ተናገር፣ አድርግ። ሳም ጓደኛዋን ከማሞገስ አልፋ ትሞግተዋለች። ድግሱ ላይ «ዝምታህ ውብ ነው» ያሉት እነዚያው ጓደኞች አሁን «ይሄኛው ዝምታህ ግን አንተን እያጠፋህ ነው» አሉት። ሁለቱንም የሚለው አንድ ሰው መሆኑ ነው ጓደኝነትን ጓደኝነት የሚያደርገው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚል አድናቂ ነው፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚል ደግሞ ተቆጪ።

ከዚህ ንግግር ጥቂት ቆይቶ የአክስቱ ነገር ይገለጣል። ታዲያ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናነብ ንግሩ ሁሉ ተቀምጦ እናገኛለን። ቻርሊ ስለ አክስቱ ባነሣ ቁጥር ይመሰክርላታል፣ ያመሰግናታል፤ ምስጋናው ከመጠን ያለፈ ነው። በልደቱ ሰሞን ይከፋዋል፤ ምክንያቱን ግን እሱም በቅጡ አያውቀው። እንዲህ ያለ ተራኪ «የማይታመን ተራኪ» ይባላል፤ ቻርሊ ግን እየዋሸን አይደለም፤ ለራሱም ያልተነገረውን ነው ያልነገረን። ያኔ ይገባናል፦ የልጁ ዝምታ ግማሹ ተፈጥሮው ነው፣ ግማሹ ግን ቁስል ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለያዩም።

6. ከእኛ አነባበብ ጋር

ይሄን መጽሐፍ አሜሪካዊ አንባቢና እኛ የምናነበው ከተለያየ ወንበር ነው። በአሜሪካው ትምህርት ቤት ዝምተኛ መሆን እንደ ድክመት ይቆጠራል፤ ቢል ተማሪውን «ተሳተፍ» የሚለው ለዚህ ነው። በእኛ ቤት ግን ዝምተኛ ልጅ ይመሰገናል። ጭምት ነው፣ አንገቱን የደፋ ነው፣ ጨዋ ነው እንላለን። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ቻርሊን ቢያመሰግነው አይገርምም፤ እንዲህ ያለ ልጅማ ማን አገኘው ሊል ይችላል።

መጽሐፉ ለእኛ የሚያነሣው ፈተና እዚሁ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። ምስጋናችን ትክክል የሚሆነው ለመጀመሪያው ዝምታ ነው። ሁለተኛው ግን በዚያው ስም ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። የቻርሊ ቤተሰቦች ክፉዎች አልነበሩም፤ አክስቲቱም በገዛ ልጅነቷ ተመሳሳይ ጥቃት የደረሰባት ሴት ናት። ማንም አልጠየቀም፤ ልጁ ዝምተኛ ነበርና። የዚያኑ ያህል ቋንቋችን ሌላም ምሳሌ አለው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሁለቱ ምሳሌያዊ ንግግሮች የሚጣሉ ይመስላሉ። በእኔ ግምት ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ዝምታዎች ነው። መምህር ለመሆን እየተዘጋጀን ላለን ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ከሥነ ጽሑፍ ያልፋል፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ጭምት ልጅ የትኛውን ዝምታ ዝም እንዳለ ማወቅ የእኛ ሥራ ይሆናል። ቢልን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። መጽሐፍ አዋሰ፣ ጠየቀ፤ የቻርሊን እኅት የወንድ ጓደኛዋ እንደመታት ከልጁ ሲሰማ ደግሞ ለወላጆቿ ደወለ። መስማት ብቻ አልበቃውም።

7. በመጽሐፉ ላይ የሚነሡ ነቀፌታዎች

ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከሥነ ምግባር አንጻር ነው። መጽሐፉ ስለ ወሲብ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ራስን ስለማጥፋት ስለሚያነሣ በአሜሪካ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ በተደጋጋሚ ተጠይቋል፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በሚያወጣው ዝርዝርም በተለያዩ ዓመታት ተካቷል። የወላጆቹ ስጋት ይገባኛል። ግን ታሪኩ ራሱ መልስ የሰጠ ይመስለኛል፤ በቻርሊ ላይ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው የተነገረው ነገር ሳይሆን ያልተነገረው ነው።

ሁለተኛው ከጥበብ አንጻር ነው፤ ይሄኛውን በከፊል እቀበለዋለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የጓደኛ ሞት፣ የእኅት እርግዝና፣ ድብደባ፣ ዕፅ፣ ጥቃት ሁሉ ተከማችቷል። አንዳንዱ ክስተት ሥር ሳይሰድ ሌላው ይመጣል። የእኅቱ ታሪክ ብቻውን አንድ ልቦለድ ይወጣው ነበር። ሆኖም ቋንቋው ነገሩን ይታደገዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ልጁ ትልቅ ነገርንና ትንሽ ነገርን በአንድ ድምፅ ነው የሚተርከው። የሚያስለቅሰውም ይሄ እኩልነት ነው።

ማጠቃለያ

መነሻ ጥያቄዬ ምንም የማያደርግ ገጸ ባሕርይ ታሪክን በምን ያንቀሳቅሳል የሚል ነበር። መልሱን ከሁለት ትዕይንቶች ማየት ይቻላል። በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ሦስቱ ጓደኛሞች በፒካፕ መኪና ወደ ፒትስበርግ መሐል ከተማ በሚያስገባው ዋሻ ያልፋሉ፤ ሳም ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆማ ነፋሱን ትቀበላለች፣ ቻርሊ ተቀምጦ ያያታል። በመጨረሻ ከሆስፒታል ሲወጣ እዚያው ዋሻ ውስጥ የሚቆመው እሱ ራሱ ነው። ሴራው ይኸው ነው፤ ከመቀመጥ ወደ መቆም። ቻርሊ ሲቆም ግን ወሬኛ ወይም ደፋር ልጅ አልሆነም። አሁንም ያያል፣ አሁንም ያስተውላል። የተለወጠው ነገር የሚያየውንና የሚሰማውን መደበቅ አለመፈለጉ ነው።

ለውይይት

1. ደብዳቤ ተቀባዩ ለቻርሊ መልስ ቢጽፍለት ኖሮ የልቦለዱ አጨራረስ ምን ይሆን ነበር?

2. ታሪኩ በሳም አንጻር ቢጻፍ የአክስቲቱ ምስጢር እንዴት ሊገለጥ ይችል ነበር?

3. በአማርኛ ልቦለዶቻችን ውስጥ «ጭምት» ተብለው የተሣሉ ወጣት ገጸ ባሕርያትን አስቡ። ዝምታቸው የትኛው ነው፤ የሚያስተውለው ወይስ የተጎዳው?